ለሙታን ታሪክ ንግድ ፈቃድ

ብቸና፣ ጥቅምት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ፈረደ፣

የቅዱስ ጊዮርጊስ ጥበቃ ከደጅዎ አይለይ። እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆቹ እንደምን ከርማችኋል? እኛ የምሕረት ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እናትዎ፣ አክስቴ ሀብትነሽ፣ ጉልበታቸውን ከሚያማቸው በቀር ምላሳቸው እንደተሳለ ነው። ባለፈው ሰንበት የንስሐ አባታቸውን ስለ አጥር ወሰን ተከራክረው ረቷቸው። በሄድሁ ቁጥር ፈረደ መቼ ይመጣል ይሉኛል፤ እኔም ሥራ በዝቶበት ነው እላለሁ። ስልክ ብደውል ስለማያነሡ በሚኒባሱ ሹፌር በባንተአምላክ እጅ ይህን ወረቀት ልኬያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብሎጌ ላይ ምን እንደምጽፍ ያውቃሉ። እዚህ አገር ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ የሚነበብለት ሀብታም፣ ሹም፣ ወይም የተማረ ልጅ ያለው ነው። ሌላው ነፍስ ይማር ተብሎ አፈር ይለብሳል። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ጎረቤቱንና ዘመዱን እየጠየቅሁ የደሃውን ታሪክ እጽፋለሁ፤ ቀብር ላይ አነበዋለሁ፤ ከዚያ ርቀው ላሉ ዘመዶች ብዬ ከነፎቶው ብሎጉ ላይ አኖረዋለሁ። የጨው ቸርቻሪዋን የእማማ ይርጋነሽን ታሪክ ሳነብ ገበያተኛው ሁሉ ሚዛናቸው አጉድሎ እንደማያውቅ ሲመሰክር ነበር። ሳንቲም ተቀብዬ አላውቅም። አንድ ሐዘንተኛ እንቁላል ቢያመጣልኝ እንኳ ያንኑ ለእናትዎ ነው የወሰድሁት።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ከተማው ገቢ ቢሮ ተጠርቼ የንግድ ፈቃድ አውጪ ተባልሁ። የምን ንግድ ብል ኃላፊው አቶ ስጦታው፣ ተከታታይ አለሽ፣ ተከታታይ ካለ ገበያ አለ አሉኝ። ክፍያው የሦስት ወር ደመወዜን ይበላል። በዚያ ላይ የሥራ ቦታ የኪራይ ውል አምጪ፣ ታፔላ ስቀይ ተብያለሁ። ታፔላው ላይ ምን ብዬ ላጽፍ፣ ጋሼ? የሙታን ታሪክ በጅምላና በችርቻሮ ልበል? በየትኛው ዘርፍ እንደሚመዘግቡኝ ግራ ቢገባቸው ከሙዚቃ ቤቶች ጋር ደረቡኝ።

እርስዎ ሞጣ ላይ የገቢ ሰው ነዎት፤ የዚህን ነገር ምንጭ አያጡትም። ይህ ከየት መጣ? ለአቶ ስጦታው ሁለት ቃል ቢጽፉልኝ የእርስዎን ቃል ይሰማሉ። እናትዎ ደግሞ ይህን ጨምሪበት ብለውኛል፦ እኔ በእግሬ የሄድሁበትን መንገድ እሱ በመኪና መምጣት ምን ቸገረው?

እህትዎ ባንቺዓለም

ሞጣ፣ ኅዳር 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለባንቺዓለም፣

የከበረ ሰላምታዬ በያለሽበት ይድረስሽ። የአባቶቻችን አምላክ አንቺንም እናቴንም ይጠብቅልኝ። እኛ በቸሩ ቸርነት ደህና ነን። ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኛል፤ መልሱ የዘገየው በሥራ ነው። ከመስከረሙ የደብረ ማርቆስ ስብሰባ ወዲህ ግምገማ በግምገማ ላይ ነው፤ አሁን ደግሞ የግምገማው ግምገማ ተጀምሯል።

የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ ጉዳዩ ከላይ የመጣ አቅጣጫ ነው። ከየት መጣ ማለቱ አይጠቅምሽም። ከተማ ያለ ገቢ አያድግም፤ መብራቱም፣ መንገዱም፣ የአንቺም ደመወዝ ከዚሁ ነው። ለአቶ ስጦታው መጻፍ ግን በሰው ቢሮ ገብቶ መፈትፈት ይሆንብኛልና ይቅር በዪኝ።

ይሁን እንጂ አልተውሁሽም። የክፍያውን ግማሽ በባንተአምላክ እጅ ልኬያለሁ። ፈቃድሽን አውጪና በሰላም ጻፊ። ሕጋዊ መሆን ምን ክፋት አለው? እንዲያውም ካወጣሽ በኋላ ማስከፈል ትችያለሽ፤ ሰው እንደሆነ ለቀብር አይሰስትም።

ለእናቴ ጋቢ አብሬ ልኬያለሁ። ለገና እንደምመጣ ንገሪያት። ይህን የቢሮ ነገር ግን ባታነሽባት ደስ ይለኛል፤ ነገር እንደማያልቅባት ታውቂያለሽ።

ወንድምሽ ፈረደ

ብቸና፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ፈረደ፣

እግዚአብሔር ጤና ይስጥህ። ሰላምታው ይኸው ነው። እርስዎ ማለቱን ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ፤ ምክንያቱን ወረድ ብለህ ታነበዋለህ። ገንዘብህን በመጣበት መኪና መልሼዋለሁ። ጋቢውን እናትህ ለብሰውታል።

ሰገነት የምትባል ሴት አታውቃትም፤ እሷ ግን አውቃሃለች። አብረን ነው የተማርነው። መስከረም ላይ ከዚህ ቢሮ ወደ ደብረ ማርቆሱ ስብሰባ ከሄዱት አንዷ ናት። ትናንት መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ ያ የሞጣው ዘመድሽ እንዴት ያለ ተናጋሪ ነው ብላ ጀመረችልኝ። ያልተነካ የገቢ አቅም እያልህ ስትናገር ብሎጌን ከፍተህ ግድግዳው ላይ አሳየህ። እማማ ይርጋነሽ በጨው ከረጢቶቻቸው መካከል እንደተቀመጡ ግድግዳውን ሞሉት። ይህን የምትጽፈው የአጎቴ ልጅ ናት፣ ስንት ሺህ ሰው ያነባታል አልህ። ይህን ጊዜ ስጦታው ብዕሩን አወጣ። ለአንተ ምርጥ ተሞክሮ ተብሎ ተጨበጨበልህ፣ የምስክር ወረቀትም ተሰጠህ። ለኔ መጥሪያ መጣልኝ።

ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅህ ከላይ ነው አልኸኝ። ከላይ ማለት አንተ ነህ ለካ! ልመናዬን ለማን እንደጻፍሁ ሳስበው ያንገበግበኛል። የገደለው ባልሽ የሞተው ወንድምሽ፣ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ ከቤትሽም አልወጣ የሚሉት ይህን ነው።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ እዚያው ቢሮ ግዴታ ፈረምሁ። ፈቃድ እስካላወጣሁ ድረስ የማንንም ታሪክ በብሎግ ላልጽፍ፣ በሕዝብ መካከልም ላላነብ ተፈራርመናል። ደመወዜ በመቀጮ ቢያዝ የማስተምራቸው ወንድሞች እንዳሉኝ ታውቃለህ፤ ፈርቼ ነው የፈረምሁት። ከዚያ ወዲህ የተቀበረ ሰው ሁሉ ዝም ተብሎ ተቀብሯል። አንዱ ዕድሜውን ሙሉ የዚህን ከተማ ጉድጓድ ሲቆፍር የኖረ ነው። የእሱን ታሪክ ውኃውን የጠጣ ሁሉ ሊሰማ ይገባ ነበር።

እናትህ ደግሞ ከትምህርት ቤት መልስ ስሄድ፣ ዛሬስ ማንን ጻፍሽ፣ አንብቢልኝ ይሉኛል። የሚነበብ ሳጣ የቆየውን አነበብሁላቸው። ሁለተኛው ላይ አስቆሙኝ።

«እነዚህን እኮ ቀብሬያቸዋለሁ። አዲስ ሰው መሞት ተወ እንዴ?» አሉኝ።

ብሎጉ ተበላሽቷል ብዬ ዋሸኋቸው። ለአንተ ብዬ አይደለም። ልጃቸው ምን እንደሠራ ከኔ አፍ እንዳይሰሙ ብዬ ነው።

ባንቺዓለም

ሞጣ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ባንቺዓለም፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ፣ መልሱንም ዛሬውኑ እየጻፍሁ ነው። አንተ ማለትሽን አይቻለሁ። ፊደል ያስቆጠርሁሽ እኔ ነኝ፤ ለዚህ ነበር ለካ ያስቆጠርሁሽ።

አዎ፣ ስምሽን አንሥቻለሁ። ኮርቼብሽ ነው ያነሣሁሽ። በዚያ አዳራሽ አንዱ የወንድሙን ሆቴል፣ አንዱ የአማቹን ወፍጮ እያነሣ ሲኩራራ እኔ የማነሣው አንቺን ብቻ ነበር። ሰው በዘመዱ ቢኮራ ወንጀል ነው? ስጦታው ብዕር ያወጣል ብዬ መች አሰብሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ሆነብኝ። ደግሞ አዲስ የገቢ ምንጭ ያላመጣ ኃላፊ ከቦታው ይነሣል ተብለን ነበር የገባነው። የኔን ጭንቀት አንቺ አታውቂውም፤ ጠመኔ ይዘሽ ገብተሽ ጠመኔ ይዘሽ ነው የምትወጪው። ለአንድ የከተማ ልማት የሚሆን ክፍያ ቢጠየቅ አገር የፈረሰ አስመሰልሽው። ግማሹን ልቻልልሽ ብል ፊቴ ላይ ወረወርሽልኝ።

ይህን ነገር ለእናቴ እንዳትነግሪያት፤ አደራ። ለገና መምጣቴም ይቀራል፤ ስብሰባ አለብን።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው። ክፉ ማሰቤ አይደለም፤ እናቴ ደክማለች፣ ቀን ደግሞ አይታወቅም። የእሷን ታሪክ ከአንቺ በቀር የሚያውቀው የለም፣ እኔም ብሆን አሳምሬ አላውቀውም። ከወዲሁ ጻፊና አስቀምጪልኝ። የእኔ እናት ስትቀበር ከቢሮ ብዙ ሰው ይመጣልና ያማረ ይሁን። የድካምሽን እከፍላለሁ።

ፈረደ

ብቸና፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

ፈረደ፣

በሕይወት ያለ ሰው የቀብር ታሪክ ጻፊ ማለት ሟርት ነው፤ ይህን ለአንተ ማስረዳት አይገባኝም ነበር። እናትህ ዛሬ ጠዋት፣ ዶሮዋ ጓሮዬን ጫረችብኝ ብለው ጎረቤታቸውን ዳኛ ፊት ሊያቆሙ ሲሰናዱ ነው የደረስሁባቸው። የሚሞቱ አይመስሉም። የሚጠብቁት አንተን ነው እንጂ ሞትን አይደለም።

ደግሞስ ፈርሜያለሁ አላልሁህም? ፈቃድ ያለው ጸሐፊ ፈልግ፤ ታፔላውን አይተህ ትገባለህ። ድካምሽን እከፍላለሁ ትለኛለህ። ከከፈልኸኝማ ስጦታው እውነቱን ነው፤ ነጋዴ ነኝ ማለት ነው። በዘመድ እጅ ነጋዴ አታደርገኝም።

ና። ጋቢ አትላክ፤ ራስህ ና።

ባንቺዓለም

ሞጣ፣ ጥር 26 ቀን 2015 ዓ.ም.

ባንቺዓለም፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ አልልሽም። እናቴን ስታስታምሚ የከረምሽው አንቺ ነሽ፤ ይህን አልክድም፤ ክፍያውን ከላይ ታገኚዋለሽ። በቀብሯ ላይ ያደረግሽኝን ግን እስክሞት አልረሳውም።

ጥር 17 ቀን መርዶውን ሰምቼ በቢሮ መኪና ባልደረቦቼን ይዤ እንዴት እንደደረስሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ፍትሐቱ አልቆ ቄሱ፣ የሕይወት ታሪክ የሚያነብ ይቅረብ አሉ። ወረቀቱ በእጅሽ ነበር። አይቼዋለሁ፤ ሁሉም አይቶታል። አንድ እርምጃ ወደፊት ሄድሽ፣ ቆምሽ፣ ከዚያ አጥፈሽ ነጠላሽ ውስጥ ከተትሽው። ቄሱ ደግመው ጠየቁ። ያ ሁሉ ሕዝብ ወደኔ ዞረ። የማታውቂውን ሰው ሁሉ ታሪክ የጻፍሽ ሴት የገዛ አክስትሽን እንደ መንገደኛ አስቀበርሻት። ከባልደረቦቼ አንዱ በመንገድ ስንመለስ፣ እናትህ ታሪክ አልነበራቸውም እንዴ አለኝ። ምን ልበለው?

በድዬሽ ከሆነ የበደልሁሽ እኔ ነኝ። እሷ ምን አድርጋሽ?

አርባዋን እዚሁ ሞጣ፣ በቤቴ አወጣለሁ። አንቺ እንደማትመጪ አውቃለሁ። ወረቀቱን ግን ላኪልኝ፤ የእናቴ ነው።

ፈረደ

ብቸና፣ የካቲት 5 ቀን 2015 ዓ.ም.

ፈረደ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። አንተ ባትለኝም እኔ እልሃለሁ፤ እናት ነው ያጣኸው። የአክስቴን ነፍስ በአብርሃም በይስሐቅ አጠገብ ያኑራት።

አሁን ያየኸውን ሳይሆን ያላየኸውን ልንገርህ። ቄሱ ሲጠሩ ላነብ ነው የተነሣሁት። ግዴታዬን ረስቼ፣ መቀጮውንም ንቄ ተነሥቼ ነበር። ከጎንህ ግን ስጦታው ቆሟል። ለቅሶ ሊደርስህ መጥቶ ጃንጥላውን ከአንተ ራስ በላይ ይዞልሃል። ያስፈረመኝ ሰው ነው። ቀና ብዬ አንተን አየሁህ፤ አንብቢ እንድትለኝ ነበር የጠበቅሁት። አንዲት ቃል ነበረች። አንተ አስቀድመህ የስጦታውን ፊት አየህ። ከዚያ ጫማህን አየህ። ስለዚህ አጠፍሁት። የእናቱን ታሪክ ለማስነበብ የሹም ፊት የሚያይ ልጅ ባለበት አላነብም ብዬ አጠፍሁት። ነፍሳቸው ይቅር ትበለኝ፤ አንተን ግን ይቅርታ አልጠይቅህም።

እናትህ ሁሉን ያውቁ ነበር። ጥምቀት ባለፈ ማግስት ስገባ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ጠበቁኝ። ሰው ነግሯቸዋል፤ ብቸና ነገር አይደበቅባትም።

«ብሎግሽን ያዘጋብሽ ፈረደ ነው አሉ» አሉኝ።

የላክኸውን ጋቢ እግራቸው ላይ ማስተካከል ጀመርሁ። ያንኑ እንደ ምስክር ቆጠሩት።

«ማመልከቻ ጻፊልኝ። ልጄን እከሰዋለሁ።»

ቀልድ መስሎኝ በማን ስም ልጻፈው ብላቸው አልሳቁም።

«በይርጋነሽ ስም ጻፊው። ጨው ስትመዝንልኝ አንድ ቀን አላጎደለችብኝም። የሞተ ሰው ጠበቃ የለውም፤ እኔ እቆምላታለሁ» አሉ።

ነገ እጽፋለሁ ብዬ ወጣሁ። ነገና ከነገ ወዲያ እያልሁ ሳልጽፈው አረፉ። የማዝነው በዚህ ነው።

እንዳረፉ የጻፍሁት ወረቀት ከዚህ ጋር ታጥፏል። የማታውቀውን ታገኝበታለህ። በወሰን መሬት ስድስት ዓመት ሲሟገቱ ደብረ ማርቆስ ድረስ በእግራቸው ይመላለሱ እንደነበር፣ ፍርዱን ያገኙት አንተን በወለዱ ሳምንት እንደሆነና ስምህን ከዚያ እንዳወጡት፣ ባላጋራቸው ሲሞት ደግሞ የረቱትን መሬት ለልጆቹ እንደመለሱ ጽፌያለሁ። ለምን መለሱ ብላቸው፣ ክርክሩን እንጂ መሬቱን መች ፈለግሁት ነበር ያሉኝ። የመጨረሻው መሥመር እንዲህ ይላል፦ «ወይዘሮ ሀብትነሽ አንድ ክስ ሳይጨርሱ አርፈዋል። ክሱ የደሃ ሙታን ታሪክ እንዳይጻፍ ቀረጥ አስጥሏል የሚል ሲሆን ተከሳሹ አንድ ልጃቸው ፈረደ ነው።»

አርባቸው ላይ ራስህ ቆመህ አንብብ። አንዲት ቃል ብትቀንስ የእናትህ ታሪክ አይደለም።

ባንቺዓለም

ሞጣ፣ የካቲት 28 ቀን 2015 ዓ.ም.

እህቴ ባንቺዓለም፣

በእናታችን አምላክ ስም ሰላም እልሻለሁ። ትናንት አርባዋን አወጣን። ጾም ስለሆነ በሽሮና በምስር ነው ያዋልነው፤ ካህናቱም፣ የቢሮው ሰውም፣ ጎረቤቱም ሞልቶ ነበር። ቆሜ አነበብሁት። የሙግቱ ቦታ ላይ ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ መሬቱን መመለሷ ላይ አለቃዬ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። እናቴን ገና ያን ጊዜ ያወቅኋት መሰለኝ።

የመጨረሻው መሥመር ላይ ስደርስ ቀና አልሁ። ሁሉም ያየኛል። ውኃ ጠጣሁና ነፍስ ይማር ብዬ ተቀመጥሁ። ዘለልሁት። አንቺን አልዋሽም፤ ዘለልሁት።

ከዚህ የባሰውን ልንገርሽ። ሰዉ ሲወጣ አለቃዬ ማን እንዲህ አድርጎ ጻፈው አለኝ። የአጎቴ ልጅ ናት አልሁት። እንደገና ኮራሁ፤ አፌን ስዘጋው ዘግይቼ ነበር። የብቸናዋ? አለኝ። ፈቃዱን አወጣች እንዴ? እኔም እስከ በሩ ሸኘሁት።

ወረቀቱን መልሼ ልኬልሻለሁ፤ ከቤቴ ሲያድር ይከብደኛል። ደክሞኛል፣ እህቴ። ሽማግሌ ልላክብሽና እንታረቅ። ካሣ በይኝ፣ እክሳለሁ።

ፈረደ

ብቸና፣ መጋቢት 6 ቀን 2015 ዓ.ም.

ፈረደ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምህ። ሽማግሌ አትላክብኝ። ሽማግሌ የሚመጣው ነገሩ በሁለት ሰው መካከል ሲሆን ነው፤ ይህ መቃብር ውስጥ ያሉትንም ይጨምራል።

ብሎጉን ከፍቼዋለሁ። የእናትህን ታሪክ ከነፎቶአቸው፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው መሥመር አውጥቼዋለሁ። አንተ የዘለልኸውን አሁን ብቸናም፣ ሞጣም፣ ደብረ ወርቅም ያነበዋል። የጉድጓድ ቆፋሪውንም ጽፌ ከሥሩ አስከትያለሁ።

በማግስቱ ስጦታው አስጠራኝ። ግዴታ ፈርመሽ አፈረስሽ፣ እንከስሻለን አለኝ። ክሰሱኝ አልሁት። ታፔላ የለኝም፣ ዋጋ የለኝም፣ የከፈለኝ ሰው የለም፤ ንግዱን ለዳኛ ያስረዱ አልሁት። ወንበሬን ስቤ ስነሣ፣ እንደዚህ ያለ አፍ ከማን ተማርሽ አለኝ። ከወይዘሮ ሀብትነሽ አልሁት። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።

ቢሮው ክሱን ከፍቶብኛል። ደመወዜ እንደሚያዝ አውቃለሁ፤ ወንድሞቼን ሰብስቤ ነግሬያቸዋለሁ። ከሳሽ ቢሞት ነገሩን ወራሹ ይዞት ይቀጥላል፤ ይህንም ያስተማሩኝ እናትህ ናቸው። ልጃቸው ስላልወረሰው እኔ ወርሼዋለሁ።

ካሣ በይኝ ብለሃል። ካሣዬ ይህ ነው። ለቀጠሮው ቀን የመጀመሪያው የመከላከያ ምስክሬ አድርጌ ስምህን አስመዝግቤያለሁ። ትመጣለህ። በዚያ አዳራሽ ማንን ግድግዳው ላይ እንዳሳየህ፣ ማን ብዕር እንዳወጣ፣ ለምንስ እንደተጨበጨበልህ ትናገራለህ። ወረቀቱን ይዤልህ እቀርባለሁ፤ የቀረችህን መሥመር እዚያ ታነባታለህ። ስጦታውም ከጎንህ ይኖራል። ያን ቀን ግን ፊቱን ማየት አያስፈልግህም፤ የምትመልሰው ለዳኛው ነው።

ቀኑ ሲቆረጥ በባንተአምላክ እጅ እልክብሃለሁ። እስከዚያው ጤና ይስጥህ።

እህትህ ባንቺዓለም